ጣራ የሚከደነው በበጋ ነው

ስለ ማሕፀን በር ካንሰርና ለሴቶች ልጆቻችን ስለሚሰጠው ክትባት

በዚህ ገጽ በየወሩ ስለ ውሃ ንጽሕና፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ስለ ዝንብና ስለ እጅ መታጠብ ስንጽፍ፣ የምንናገረው ዓይን ስለሚያየው ወይም አፍንጫ ስለሚያሸተው ነገር በመሆኑ ቃላችን ከአንባቢው ልብ ለመግባት ብዙ አላስቸገረውም። የዚህ ወር ጉዳያችን ግን ዓይን የማያየው፣ ሲገባ ሕመም የማያሰማ፣ ከገባም በኋላ ዐሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ያህል ዝም ብሎ ሊቀመጥ የሚችል ጠላት ስለ ሆነ፣ ከወትሮው ይልቅ ትዕግሥታችሁን እንለምናለን። ይኸውም የማሕፀን በር ካንሰር የሚባለው ደዌና እርሱን ለመከላከል ከ9 እስከ 14 ዓመት ለሆናቸው ሴቶች ልጆች የሚሰጠው ክትባት ነው።

የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ በደዌ ላይ ዘግይቶ መድረስ የሚያስከፍለውን ዋጋ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤት የተተከለው በዚሁ በኛ አካባቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተመሠረተውም በዚያው ሥፍራ ነው። የሥጋ ደዌ በጊዜው ከተደረሰበት፣ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 በመከረው የተጣመረ መድኃኒት ጣት ሳይጎድል፣ ዓይንም ሳይጠፋ ፈጽሞ ይድናል። ዘግይቶ የመጣው በሽተኛ ግን ከተሕዋስያኑ ቢነጻም የጎደለው ጣቱ አይመለስለትም። የማሕፀን በር ካንሰር ጠባዩ ሌላ ቢሆንም በዚህ ነገር ይመስለዋል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚደረግለት ሁሉ ከባድና ውድ ሲሆን፣ ጊዜው ሳያልፍ የሚደረገው ግን አንድ መርፌ ነው፤ እርሱም ያለ ዋጋ ይሰጣል።

ይህን በቀላሉ መናገር የቻልነው ካፈርን በኋላ መሆኑን መደበቅ አይገባንም። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከአየር ጤና ራቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለወላጆች ንግግር እንድናደርግ ተጋብዘን ነበር። (አየር ጤና የሚለው የሰፈር ስም እንደኛ ላለ የንጽሕና ጸሐፊ ሁልጊዜ ደስ ያሰኛል፤ የበጋው አቧራ ግን ከስሙ ጋር አይስማማም።) በባሕር ማዶ የተማርነውን ለማካፈል ጓጉተን ኖሮ፣ በግድግዳ ላይ ሥዕል እያሳየን ስለ ቫይረሱ ዓይነቶች፣ ስለ ፕሮቲን ቅርፊትና ስለ ሰውነት የመከላከል ኃይል አርባ ደቂቃ ያህል ተናገርን። በጨረስን ጊዜ ጭብጨባ ነበር፤ ጥያቄ ግን አልነበረም። የፈቃዱን ወረቀት ስንሰበስብ የሚበዙት ወላጆች ሳይፈርሙ ወጥተው ነበር።

ከበሩ አጠገብ ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙ አንዲት አሮጊት ጠበቁን። በኮልፌ አጣና ተራ ብዙ ዘመን እንጨት የነገዱ፣ አሁን የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ብዙ ተናገርህ፤ እግዜር ይስጥህ። እኔ የገባኝ ግን አንድ ነገር ነው። በሽታው የሚመጣው በወንድና በሴት ነገር ነው አልክ። የኔ ልጅ ገና 11 ዓመቷ ነው። በምን ጠርጥረሃት ነው መርፌ የምትወጋት?» አሉን።

አርባ ደቂቃ ስንናገር ያልነካነው ጥያቄ ይኸው ነበር። ለጊዜው የምንመልሰው አጥተን ከቆየን በኋላ፣ «እማማ፣ አጣና በብዛት የሚሸጥልዎ በየትኛው ወራት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። «በበጋ ነዋ! ክረምት ከገባ ወዲያ ጣራ የሚያቆም ማን አለ?» አሉ። «እንግዲያው በበጋ ቤቱን የሚከድን ሰው ሰማዩን ጠርጥሮ ነውን?» ብንላቸው ጥቂት ዝም አሉና ሣቁ። «እሱን አስቀድመህ ብትለው ኖሮ ሰዉም ባልወጣ ነበር» ብለው ገሠጹን። ዳሩ ግን በዚያን ቀን አልፈረሙም፤ ሊያስቡበት እንደሚፈልጉ ነግረውን ሄዱ። እኛም ወደ ጽሕፈት ቤታችን ተመልሰን ያንን የተማረ ንግግራችንን ቀደድነው። ቀጥሎ ያለው በእርሳቸው ጥያቄ መሠረት እንደ አዲስ የተጻፈ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ደዌው እንናገር። ማሕፀን እንደ ተገለበጠ ማሰሮ ብትታሰብ፣ የታችኛዋ አንገት የማሕፀን በር ትባላለች። በዚህች ሥፍራ ካንሰር የሚያበቅለው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ ባጭሩ ኤች ፒ ቪ የሚባለው ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ይህ ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ሲሆን እጅግ የተስፋፋ በመሆኑ፣ ከወንዶችም ከሴቶችም የሚበዙት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ሳያውቁት ያገኛቸዋል። ስለዚህ የመጥፎ ጠባይ ምልክት አድርጎ የሚቆጥረው ሰው ተሳስቷል። ከአንድ ባሏ በቀር ሌላ የማታውቅ ሴት ባልዋ ከጋብቻ በፊት ይዞት በመጣው ቫይረስ ልትታመም ትችላለች። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ታግሎ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ያስወግደዋል። በአንዳንዶቹ ሴቶች ላይ ግን አልወጣም ብሎ ይቀራል፤ ቀስ በቀስም የሥፍራውን ሥጋ እያበላሸ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ካንሰር ይለወጣል። የሰውነት መከላከያዋ በደከመ ሴት ላይ ከዚህ ፈጥኖ ይደርሳል።

በዓለም ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 660 ሺህ ያህል ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፤ 350 ሺህ ያህሉም ሞተዋል። በአገራችን እ.ኤ.አ. ለ2020 በተደረገው ግምት በየዓመቱ ከ7 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች ይያዛሉ፤ ከ5 ሺህ የሚበልጡት ይሞታሉ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንባቢው ጎን ለጎን አድርጎ እንዲመለከታቸው እንለምናለን። ሟቾቹ ከታማሚዎቹ ቁጥር ይህን ያህል የሚቀርቡት ደዌው የማይድን ስለ ሆነ አይደለም፤ በጊዜ ሳይታወቅ ስለሚቀር ነው። በተማርንበት አገር በመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰች በሽተኛ ያየነው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ወደ አገራችን ተመልሰን ሥራ በጀመርንበት በመጀመሪያው ዓመት ግን መቁጠሩን ተውነው። እነዚህ ሴቶች የሚሞቱት ልጆቻቸውን በሚያሳድጉበት፣ ቤታቸውን በሚያቆሙበት በጉብዝናቸው ዘመን ነው።

የዚህን ደዌ ምንጭ የገለጠው ሐራልድ ሱር ሐውዘን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 16ኛው ዓይነት የተባለውን፣ በማግሥቱ ዓመት 18ኛውን ዓይነት ቫይረስ ከካንሰሩ ውስጥ ከባልንጀሮቹ ጋር ለይቶ አወጣ፤ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ከመቶ የማሕፀን በር ካንሰር ሰባ የሚሆኑት ከነዚህ ከሁለቱ ዓይነቶች የሚመጡ ናቸው። ክትባቱን ለመሥራት የረዳው ብልሃት ደግሞ በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ኢያን ፍሬዘርና ቻይናዊው ዥያን ዦው ያገኙት ነው። ዦው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በሞት ስለ ተለየ፣ በ2006 ክትባቱ ተፈቅዶ ለሕዝብ ሲሰጥ ለማየት አልታደለም።

ብልሃቱ እንዲህ ነው። ቫይረሱ እንደ እህል ፍሬና ገለባ አለው። ደዌ የሚያመጣው ፍሬው ነው። ሊቃውንቱ ፍሬ የሌለውን ገለባ ብቻ ሠሩ፤ በክትባቱ ውስጥ ያለውም ይኸው ባዶ ገለባ ነው። ፍሬ የሌለው ገለባ ቢዘሩት እንደማይበቅል ሁሉ፣ ይህም በልጅቱ ሰውነት ውስጥ ሊራባ ወይም ካንሰር ሊያመጣ አይችልም። ሰውነቷ ግን የጠላቱን መልክ ከገለባው ያጠናና ዘብ ያቆምበታል። እውነተኛው ቫይረስ ከዓመታት በኋላ ቢመጣ ዘቡ ያውቀዋል።

በዚህ ላይ ከታሪካችን አንድ ነገር ብናነሣ አንባቢ አይሰለች። ክትባት የሚለው ቃል ከውጭ አገር ሐኪሞች ጋር የመጣ አይደለም፤ ክታብ ከሚለው ጋር ከአንድ ግንድ የወጣ ሲሆን ጥንተ ነገሩ መጻፍ ነው። አባቶቻችን ፈንጣጣ በገባ ጊዜ ከበሽተኛው ቁስል ጥቂት ወስደው የጤነኛውን ክንድ እየበጡ ይከትቡ ነበር። ዳሩ ግን ያ አሠራር ሕይወት ያለውን ደዌ ማስገባት ስለ ነበር አንዳንዱን ይጎዳ፣ አንዳንዱንም ይገድል ነበር። በ1963 ዓመተ ምሕረት ፈንጣጣን የማጥፋት ሥራ በአገራችን ተጀምሮ ከታቢዎች በበቅሎና በእግር ተራራውንም ቆላውንም ከዞሩ በኋላ፣ በኢትዮጵያ የመጨረሻዋ በሽተኛ በነሐሴ 1968 በኦጋዴን፣ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘች። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ኢትዮጵያዊ ፈንጣጣን በአገሩ አያውቀውም። ስለዚህ መከተብን እንደ እንግዳ ነገር ማየት ለኛ አይስማማንም፤ አያቶቻችን ከዚህ እጅግ የሚያስፈራውን ለልጆቻቸው ሲሉ ደፍረዋል።

የኤች ፒ ቪ ክትባት በአፍሪካ ውስጥ በአገር አቀፍ ደረጃ በመጀመሪያ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2011 በሩዋንዳ ነው። በኛ አገር አስቀድሞ በኦሮሚያ ጎማ ወረዳና በትግራይ አሕፈሮም ወረዳ ተሞክሮ፣ በ2011 ዓመተ ምሕረት በመላው አገር ተጀመረ። በዚያን ጊዜ ክትባቱ በዓለም ሁሉ ስላነሰ 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች ብቻ፣ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ነበር የሚሰጠው። በኅዳር 2017 ግን በር ተከፈተ፤ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሁሉ፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ልጃገረዶች፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ ሆነ።

«ትናንት ሁለት፣ ዛሬ አንድ የሆነው መድኃኒቱ ስላለቀባችሁ ነውን?» ብለው የጠየቁን አባት ነበሩ። ጥያቄው የሚገባ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ መርፌ እንደሚበቃ የፈቀደው የብዙ ጥናቶችን ውጤት መርምሮ ሲሆን፣ ከነዚህ አንዱ በጎረቤታችን በኬንያ በወጣት ሴቶች ላይ የተደረገው ነው። በዚያ ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ የተከተቡት ሴቶች ከ16ኛውና ከ18ኛው ዓይነት ቫይረስ ከሞላ ጎደል ፈጽሞ ተጠብቀው ተገኝተዋል። ሆኖም ከኤች አይ ቪ ጋር ለምትኖር ልጅ አንዱ አይበቃትም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለች ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች ለጤና ባለሙያው ለብቻው ንገሩት፤ ምሥጢራችሁ ይጠበቃል።

ለምን ከ9 ዓመት ጀምሮ? ለሚለው አሮጊቷ እናት ራሳቸው በአጣናው መልሰውታል። ክትባቱ ከሰውነት የገባውን ቫይረስ አያስወጣም፤ የሚያግደው ገና ያልገባውን ነው። ደግሞም በዚህ ዕድሜ ያለ ሰውነት ከጎልማሳ ሰውነት ይልቅ ብርቱ ዘብ ያቆማል።

ከሁሉ የከፋው ወሬ ግን «ክትባቱ መካን ያደርጋል» የሚለው ነው። ይህን ወሬ ከሚያወሩት ላይ ቁጣ አናነሣም፤ ለሴት ልጁ መውለድን የሚመኝ ወላጅ መፍራቱ ፍቅሩ ነው። እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው፦ ክትባቱ በብዙ አገሮች በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ጊዜ ተሰጥቷል፤ መካንነት እንዳመጣም አልተገኘም። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውስትራሊያ የተከተቡት ልጃገረዶች ዛሬ እናቶች ናቸው። ማሕፀንን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሐኪም በሽተኛዋን ለማትረፍ ማሕፀኗን ለማውጣት ወይም በጨረር ለማከም ይገደዳልና። በስኮትላንድ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ደግሞ በ12 ወይም በ13 ዓመታቸው በሙሉ ከተከተቡት ሴቶች መካከል፣ ቢፈለግ ቢፈለግ፣ በማሕፀን በር ካንሰር የተያዘች አንዲትም እንዳልተገኘች ገልጧል።

ጉዳት የለውም ስንል ምንም አይሰማትም ማለታችን አይደለም። መርፌው ክንድ ላይ ስለሚወጋ ሥፍራው ያማል፣ ጥቂት ያብጣል፤ ትኩሳትና ራስ ምታት የሚሰማትም አለች። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች መርፌ ሲያዩ ራሳቸውን መሳት የተለመደ ስለ ሆነ፣ ቁርስ በልተው ቢመጡና ከተወጉ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ ቢሉ መልካም ነው። አንዲቱ ስትወድቅ ሌሎቹ ተከትለው ሲወድቁ አይተናል፤ ወሬውም ከዚያ ተነሥቶ እስከ ቤቴል ሲደርስ ሌላ መልክ ይዞ ነበር።

«ወንዶቹስ?» የሚለውም ጥያቄ ተነሥቶልናል። በብዙ አገሮች ለወንዶችም ይሰጣል፤ ቫይረሱ ለእነርሱም ሌላ ዓይነት ካንሰር ያመጣልና። በአገራችን የሚሰጠው ለሴቶቹ ነው፤ ከዚህ ደዌ የሚሞቱት እነርሱ ናቸውና ቅድሚያው ይገባቸዋል።

ክትባቱ በፈቃድ ነው። ማንንም ልጅ አስገድደን አንከትብም፤ መጠየቅና ማሰብ የሚፈልግ ወላጅም ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ልጅቱም ራስዋ ምን እንደምትወጋና ስለምን እንደምትወጋ በዕድሜዋ ልክ ሊነገራት ይገባል፤ ዝም ብሎ ክንዷን መያዝ የኛ ሥራ አይደለም።

ነገር ግን ፈቃድ የሚጠይቅላቸው ስለሌላቸው ልጆች ልናስብ ይገባናል። በትምህርት ቤት የሚሰጥ ክትባት ትምህርት ቤት የሌለችውን አያገኛትም። በየሰፈራችን፣ በዓለም ባንክም ሆነ በሎሚ ሜዳ፣ ከገጠር መጥተው በሰው ቤት የሚያገለግሉ የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች እንዳሉ የማያውቅ የለም። የባለቤቲቱ ልጅ ተከትባ ስትመለስ በር የምትከፍትላት እኩያዋ ሳትከተብ ትቀራለች። እናቷ ሩቅ ናት፤ ይህ ጽሑፍም አይደርሳትም። ክትባቱ በጤና ጣቢያም ስለሚሰጥ፣ ቀኑን ጠይቃችሁ እንዲህ ያለችዋን ልጅ ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ እንድታመጧት አጥብቀን እንለምናለን።

ለእናቶችም አንድ ቃል አለን። ለናንተ የክትባቱ ጊዜ ቢያልፍም የምርመራው ጊዜ አላለፈም። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ሕመም ባይሰማትም መመርመር ይገባታል፤ ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖር ደግሞ ከዚህ ቀደም ብላ ትጀምራለች። የማሕፀን በር እንደ ኮምጣጤ ባለ ፈሳሽ ተቀብቶ ሲታይ የተበላሸው ሥፍራ ይነጣል፤ ካንሰር ሳይሆንም ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ሊታከም ይችላል። ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም ያየች፣ ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ የበዛባት ሴት ግን ዕድሜዋ ምንም ቢሆን ቀን ሳትቆጥር ትምጣ።

ከዚያ ስብሰባ ሦስት ሳምንት ያህል በኋላ፣ በጤና ጣቢያ ሳለን የአጣና ተራዋ እናት ከሁለት ልጆች ጋር ገቡ። አንዲቱ የልጅ ልጃቸው ናት፤ ሁለተኛዋ ከገጠር የመጣች፣ በቤታቸው የምትሠራ የዘመድ ልጅ ነበረች። ልጆቹን አግዳሚው ላይ አስቀምጠው ወደኛ ቀረብ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የዚችን እናት የቀበርኳት በ36 ዓመቷ ነው። ደሙ ሲመጣባት የሴት ነገር ነው ብለን ዝም አልን፤ እኔም ዝም በይ አልኳት። ስሙን ያኔ ማንም አልነገረኝም፤ አንተ በግድግዳው ላይ ያሳየኸው እሱው ነበር» አሉን። እኛ ምንም አልተናገርንም።

ነርሷ የዘመዲቱን ልጅ ዕድሜ ስትጠይቅ ልጅቱ አላወቀችውም፤ ወረቀትም አልነበራት። አሮጊቷ በጣቶቻቸው እየቆጠሩ፣ እናቷ ባረገዘች ዓመት ያገቡ ሰዎችንና የበኩር ልጃቸውን እያነሡ፣ በመጨረሻ «ለመስቀል 13 ሞልቷታል» አሉ። ነርሷም 13 ብላ ጻፈች። ሁለቱ ልጆች ከተወጉ በኋላ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አያታቸው ከነጠላቸው ጫፍ የፈቱላቸውን ቆሎ እየቆረጠሙ ሩብ ሰዓቱ እስኪሞላ ጠበቁ።